የማዳም ኦዴት ወጥ ቤት

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቻን፤

ሰላምታዬ ላንቺም፣ ለእናትሽም፣ ለቤቴም ሁሉ ይድረስ። እኔ ከዓይኔ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ በማክሰኞው አውሮፕላን መጥቶ ሐሙስ እጄ ገባ። መልሱ ስለዘገየ ይቅር በይኝ፤ ለማንበብም ለመጻፍም ደህና ፀሐይ መጠበቅ አለብኝ፤ ይህ ከተማ ደግሞ ፀሐዩን እስከ ረፋድ ይደብቃል።

ለባለቤቴ ለዘሃራ የምታነቢላት ይህን ነው፤ ሐኪሙ መልካም ሰው ነው። ያረፍኩት መርካቶ፣ የአጎቷ ልጅ ቤት ነው፤ ተከብሬ ተቀምጫለሁ። ሱቁን ሙቀቱ ሲበረታ ትዝጋ፤ ባለቤቷ ሄደ ብላ ራሷን አትግደል። እዚህ ላይ አቁሚ። የቀረው ላንቺ ነው።

ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኔን በመብራት አይቶ «ሞራው ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ነው የሚወጣው» አለኝ። መቼ ይበስላል ብለው አያውቀውም። ማንጎ እንኳ ወር አለው። እስከዚያው እንድቀመጥ ታዝዣለሁ።

የወንዝ ለኪዎቹ ቢሮ ሄዱ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ሄጃለሁ፤ ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ። ባልሽን ኦፒውን ለምግብ አብሳይነት፣ ወንድምሽን አጓን ለጀልባ ቀዛፊነት ከጋምቤላ ይዟቸው የሄደው ፈረንሳዊ አገሩ ከገባ ስድስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የሁለቱን ስም የሚያውቅ ሰው በቢሮው የለም። ዘበኛው ግን አዘነልኝ መሰል «ፈረንሳይ የሚፈልግ ሰው በምሳ ሰዓት ለገሀር፣ ማዳም ኦዴት ቤት ይሂድ። ያልሄደው ሁሉ እዚያ ነው የሚበላው» አለኝ።

ሄድኩ። ቤቷ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ናት። ጣሊያን ሳይመጣ ባለቤትየዋ ከባሏ ጋር የከፈተቻት ነች አሉ። ባልየው ሞቷል፤ ወንበሮቹ ግን እነዚያው ናቸው። ማዳሟ መጥታ ከፊቴ ቆመች። አጭር፣ ደንዳና ሴት ነች፤ አማርኛዋ የለገሀር ሰው አማርኛ ነው።

«ምን ትበላለህ?»

«እስላም ነኝ፤ ሥጋችሁን አልበላም።»

«ወይንም አትጠጣማ?»

«አልጠጣም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሰው እየፈለግሁ ነው።»

ትንሽ ካየችኝ በኋላ «ሰው በባዶ ሆድ አይፈለግም» ብላ እንቁላል አዘዘችልኝ። ይህን ሁሉ ዕድሜ ኖሬ እንዲህ ያለ ለስላሳ እንቁላል አላየሁም። ስለ ኦፒው ግን ያን ቀን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ረመዳን እየደረሰ ነው፤ ጾሙ ሲወጣ እመለስበታለሁ።

ወንድምሽ ሸሪፍ ኢድሪስ


ጋምቤላ፣ ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ሸሪፍ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙ አልከበደዎትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እትዬ ዘሃራ ደህና ናት። ጾማ እየዋለች በሱቁ ትቀመጣለች፤ ዝጊ ያሉትን አልሰማችም። አንብቢላት ያሉትን አነበብኩላት። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው፤ «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ነው እንዲህ ቶሎ ያለቀው?» አለችኝ። ማንበብ አትችልም እንጂ መቁጠር ትችላለች። ሁለተኛ እንዳላፍር ለእሷ የሚጻፈውን ያርዝሙልኝ።

ለምን አሁን፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ብለው በልብዎ ሳይጠይቁ አይቀሩም። ልክ ነው፤ ሲሄዱ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ አፍሬ ነው። ከመዘምራኖቻችን አንድ ኦጆት የሚባል ሰው አለ። ሚስቱ ሞታበታለች። ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኳል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «ባልሽ ሞቶ እንደሆነ ማወቅ አለብን፤ ካልሞተም ማወቅ አለብን» ይላሉ። እስከ ፋሲካ መልስ ስጪ ተብያለሁ።

ጋሼ ሸሪፍ፣ እኔ ኦጆትን እወደዋለሁ ወይ ቢሉኝ አላውቅም። ደክሞኛል። ክሊኒክ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል አጥባለሁ፤ ቤት ስገባ እናቴ አለች። ወደ ገበያ ስሄድ ሴቶቹ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አያውቁም። ባል ያላት አይደለሁም፤ ባል የሞተባትም አይደለሁም። አንዱን ብሆን ይሻለኛል።

ሞቶም ከሆነ ይጻፉልኝ። አልወድቅም።

አቻን


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቻን፤

ሰላም ለናንተ ይሁን። ለዘሃራ ይህን አንብቢላት፤ ዒድን በሰላም ዋልኩ። ካፖርት ገዛሁ፤ ለበስኩት፤ አሁንም ይበርደኛል። የላከችው ማር ደረሰኝ። ዓይኔ አይብስም፤ አይሻልም። የአጎቷ ልጅ ሚስት ወጥ ጨው ይበዛዋል፤ የዘሃራን እጅ አስናፈቀችኝ። ይኸው አርዝሜያለሁ።

ከዚህ በታች ላንቺ። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ኦፒው ልጽፍልሽ የምችለው ነገር የለም። ለኦጆት ግን መልስ አትስጪ። ለምን አትበይኝ። እስከ ፋሲካ ብለውሽ የለ? እስከ ፋሲካ ቆዪ።

ማዳም ቤት አሁንም እሄዳለሁ። በየቀኑ ስለምሄድ አንድ ጥግ ሰጥታኛለች። በግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የዕለቱን ምግብ በጠመኔ ትጽፍበታለች። እኔ ስለማይታየኝ ቆማ ታነብልኛለች፤ እንዲያው የማልበላውን ጭምር። የሽንኩርት ሾርባ፣ የበሬ ጅራት፣ ጥንቸል። ጥንቸል ስትል ፊቴን አይታ ትስቃለች። ዓርብ ዓርብ ዓሣ አለ፤ ቅቤና ሎሚ ያለበት፤ እሱን እበላለሁ።

ደንበኞቿ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰዎች፣ አንድ አርመን ሰዓት ሠሪ፣ አንድ የግሪክ ባልቴት። ከበሩ አጠገብ እንደ ፖስታ ሣጥን ትንንሽ ቀዳዳ ያለው መደርደሪያ አለ፤ የእያንዳንዱ ደንበኛ የአፍ መጥረጊያ ጨርቅ እዚያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሲገባ የራሱን መዝዞ ይቀመጣል። ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች ጨርቅ ሳይቀር ታጥቦ፣ ተተኩሶ አለ። «ለምን አታነሺውም?» ብላት «ቦታ አልጠበበኝም» አለችኝ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ወረቀቱ እንዳይጎድል ነው። ይቅር በይኝ።

ሸሪፍ


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለጋሼ ሸሪፍ፤

ጤና ይስጥልኝ። እትዬ ዘሃራ ካፖርቱ ምን ዓይነት ቀለም ነው ትላለች።

እኔ ስለ ባሌ ጠየቅሁ፤ እርስዎ ስለ ሾርባ ጻፉልኝ። ስለ ሞተ ሰው ጨርቅ ጻፉልኝ። አማርኛዬ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን «የለም» እና «ልጽፍልሽ የምችለው የለም» አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በሱቅዎ ስንት ዓመት ገዛሁ? አንድ ቀን አታለውኝ አያውቁም። ሚዛንዎ ሲጎድል እርስዎ ራስዎ ይነግሩን ነበር። አሁን ምን ሆኑ?

ተቆጥቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ቀድጄ ሌላ ልጽፍ ነበር፤ ወረቀት የለኝም።

አቻን


አዲስ አበባ፣ ጥር 25 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቻን፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን የምጽፈው በሰው እጅ ነው። ሐኪሙ በመጨረሻ በሰለ ብሎ ሁለቱንም ዓይኔን ከፈተው። አሁን ሁለቱም ታሽገዋል፤ ራሴን ሳላንቀሳቅስ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፤ ግራና ቀኜ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ተደርጎልኛል። አያምም። ይሰለቻል ብቻ።

ለዘሃራ ካፖርቱ ግራጫ ነው በያት። ስለ ዓይኔ መከፈት አትንገሪያት፤ ትነሣና ትመጣለች፤ ጋምቤላ ያለው ሱቅም እዚህ ያለሁት እኔም ያለ ጠባቂ እንቀራለን።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ላልሽው መልስ አለኝ፤ ነገር ግን በሰው እጅ አይጻፍም። ማሸጊያው ሲፈታ ራሴ እጽፋለሁ። ጋምቤላ ሙቀቱ እንዴት ነው? ባሮ ምን ያህል ወረደ? እናትሽ እግሯን ተሻላት?

ሸሪፍ ኢድሪስ


ጋምቤላ፣ የካቲት 8 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለጋሼ ሸሪፍ፤

እግዚአብሔር ዓይንዎን ይማርልዎት። በየጠዋቱ እጸልያለሁ። ለእትዬ ዘሃራ ግራጫ ነው ብያታለሁ፤ ሌላ አልነገርኳትም።

ከዚህ በታች ያለው ለጻፈው እጅ ነው። ያንብብልዎት።

ኦፒው።

ሚስዮን ቤት አንድ ሰሌዳ ለሁለት ይዘን ፊደል ስንማር፣ የ«ጋ»ን እግር ወደ ውጭ ታጠመዝዘው ነበር። መምህሩ ስንት ጊዜ እጅህን መታህ? ጋምቤላ ብለህ ስትጽፍ አሁንም ታጠመዝዘዋለህ። ሁለት ጊዜ ጽፈኸዋል። ሁለቱንም አየሁ።

እናቴ እግሯን አልተሻላትም። ጋሼ ሸሪፍ የእናቴን እግር አያውቁም፤ ከቤት ሰው በቀር ለማንም አሞኛል ብላ አታውቅም። እግሯ አንተ ሳለህም ያማት ነበር። ያንን የጠየቅኸው አንተ ነህ፤ እሳቸው አይደሉም።

ሕያው ነህ።

ደብዳቤውን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። ማንም ምንም አላወቀብኝም። ሲመሽ እናቴን አልነገርኳትም። እግዚአብሔርን ላመስግን ብዬ ተንበረከክሁ፤ ሳልጸልይ ተነሣሁ።

ሌላ ለመጻፍ እጄ ደክሟል።

አቻን


አዲስ አበባ፣ የካቲት 29 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቻን፤

ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፍልሽ፤ መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ቀኙ ዓይኔ ድኗል። ግራው አልሆነም፤ ሐኪሙ አዝኗል። ለዘሃራ አሁን ሁሉንም ልትነግሪያት ትችያለሽ። እንደ ጠርሙስ ታች የወፈረ መነጽር አድርጌያለሁ በያት።

አሁን የራስሽን ስሚ። ኦፒውን ያገኘሁት ከዒድ በኋላ በሰባተኛው ቀን ነው። ማዳም ቤት ተቀምጬ እንቁላሌን እጠብቃለሁ፤ ከወጥ ቤቱ ድስት ወደቀ፤ ወዲያው አንድ ሰው የተቃጠለ እጁን በቋንቋችሁ ረገመ። ሃያ ዓመት ጨውና ጨርቅ የሸጥኩበት ቋንቋ ነው፤ አይጠፋኝም። ለካ ሳምንት ሙሉ የእሱን እጅ ስበላ ኖሬያለሁ። ተነሥቼ በወጥ ቤቱ በር ገባሁ። ዓይኔ ቁመቱን እንጂ ፊቱን አልለየልኝም።

«ኦፒው» አልኩ።

የወደቀውን ድስት አንሥቶ አስቀመጠ። ከዚያ «ጋሼ ሸሪፍ፣ ሱቁን ለማን ትተው መጡ?» አለኝ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል።

ሌላ ሚስት የለውም፤ ልጅም የለውም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ በአንዲት ክፍል ይኖራል። ፈረንሳዊው አገሩ ሲገባ ለማዳሟ ሰጥቶት ሄደ። ለምን አልጻፍክም አልኩት። ይህን ለእሷ አልነግርም ብለው ይማሉልኝ አለኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩ። ሳልሰማ መማሌ ሞኝነት ነበር።

አሁን የምጽፈውን እሱ ፈቅዶልኛል፤ ደብዳቤሽን ካነበበልኝ በኋላ። ቁጭ በይና አንብቢው። ወንድምሽ አጓ የለም። የሞተው አዋሽን ሲለኩ ነው። ሰፈሩን ከወንዙ ማዶ ወደ ማዶ አሻግረው ድንኳን ከተከሉ በኋላ ኦፒው ትልቁን ድስት ወዲያ ማዶ ረስቶት መምጣቱን አወቀ። አጓን «ድስቱን አምጣልኝ» አለው። አጓ «ወንዙ መልኩን ለውጧል፤ ነገ ይሁን» አለ። ኦፒው «ለሃያ ሰው በምን ላብስል?» ብሎ ተቆጣው። አጓ ጀልባውን ገፋ። ከላይ ዝናብ ዘንቦ ኖሮ ጎርፉ ሲመለስ አገኘው። በሦስተኛው ቀን አገኙት፤ ወንዙ ዳር ቀበሩት።

«ባሮ ያልገደለውን ሰው በድስት ገደልኩት» ነው የሚለው። «ለእናቱ ምን ብዬ እገባለሁ? ለአቻን ምን ብዬ እጽፋለሁ?» እያለ ዓመቱ ሄደ። ቀጥሎ ደግሞ የዘገየበት ራሱ ሌላ ኃጢአት ሆነበት።

እኔ በአንደበቴ ቃሌን አላፈረስኩም። ግን ላንቺ ሐሰት አልናገርም። ሆስፒታሉ ውስጥ የሚጽፍልኝ አስታማሚ ሞልቶ ነበር። ኦፒው ይጠራልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የእናትሽን እግር እሱ ጨመረው፤ እኔ አላልኩትም፤ ሲያነብልኝም ዘለለው። አላህ ይፍረድብኝ፤ ሁለታችሁም ስትደክሙ ማየት ደከመኝ።

ሸሪፍ


ጋምቤላ፣ መጋቢት 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለጋሼ ሸሪፍ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ዘሃራ ስለ ዓይንዎ ስትሰማ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ ዓሣ ላከችልኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

አልተቆጣሁዎትም። ይህን ለኦፒው ያንብቡለት።

ኦፒው፣ የአጓን ሞት እናውቃለን። ያን ዓመት በጋ ላይ የለኪዎቹ መኪና ሾፌር ዕቃ ሊወስድ ጋምቤላ መጣ። እናቴን ፈልጎ ቤታችን ገባ፤ የአጓን ሸሚዝ ሰጣት። ጎርፍ ወሰደው አለን። ስለ ድስቱም ነገረን፤ ሰዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ለቅሶ ተቀመጥን። ጋሼ ሸሪፍና እትዬ ዘሃራ ያን በጋ ሐጅ ሄደው ስለነበር አልሰሙም፤ ሲመለሱም ስሙን የሚያነሣባቸው አልነበረም። ሰው ከኢታንግ ድረስ መጣ። እናቴ ጸጉሯን ተላጨች።

እኔ በለቅሶው ላይ በሩን አይ ነበር። አንድ ሰው ሲገባ አንተ ነህ እላለሁ። ወንድሜ መሞቱን አውቃለሁ፤ ባሌ የት እንዳለ ግን አላውቅም። ሾፌሩ «ከቀብሩ በኋላ ከሰው ጋር አይነጋገርም ነበር» አለ እንጂ ሌላ አላወቀም። የመጀመሪያውን ዓመት «ያፍራል፤ ይመጣል» አልኩ። ሁለተኛውን ዓመት ተቆጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንጃ፤ ሥራ ሠራሁ።

ስምንት ዓመት የደበቅኸን የምናውቀውን ነገር ነው። ድስቱን ማንም ይረሳል። እኔ ይቅር ልልህ ያቃተኝ አጓን ብቻዬን ማልቀሴን ነው።

ለኦጆት ባሌ በሕይወት አለ ብዬ ነገርኩት። አዳመጠኝና «እንግዲያ እኔ ቃል የለኝም» ብሎ ሄደ። ደህና ሰው ነው። ከሄደ በኋላ አለቀስኩ፤ ለእሱ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

ና አልልህም። አትምጣም አልልህም። እናቴ አርጅታለች።

አቻን


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአቻን፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ኦፒው በማክሰኞው አውሮፕላን ይመጣል። እኔን ሐኪሙ እስከ ሰኔ አልለቀቀኝም፤ ለዘሃራ በእሱ እጅ ሻሽ ልኬያለሁ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩለት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሽንኩርት እየከተፈ። «እናውቃለን» የሚለው ላይ ስደርስ ቢላዋውን አስቀመጠ። «እንደገና ያንብቡት» አለ። አነበብኩለት። «ስለ ድስቱም?» አለኝ። «ስለ ድስቱም» አልኩት። በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ የዚያን ቀን ምሳ ማዳሟ ራሷ አበሰለች።

ትናንት መሰናበቻው ነበር። ማዳም ኦዴት ሽርጡን አስወልቃ ምግብ አዳራሹ ውስጥ፣ እኔ ጥግ፣ ከፊት ለፊቴ አስቀመጠችው። ስድስት ዓመት ባበሰለበት ቤት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ረጅም እግሩን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንደ እንግዳ አነበበችለት፤ «ምን ትበላለህ?» ብላ ጠየቀችው። «ምን እንደሚጣፍጥ አላውቅም፤ ቆሜ ነው የምቀምሰው» አላት። ሾርባ አመጣችለት። ሦስት ማንኪያ ጠጥቶ «ጨው ያንሰዋል» ብሎ ሊነሣ ሲል ሽማግሌዎቹ ሁሉ «ተቀመጥ!» ብለው ጮኹበት። ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው ጠጣው። ማዳሟ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆመች።

እኔ ዓሣዬን በላሁ። አብሳዩ የጋምቤላ ሰው ስላልነበረ አልጣፈጠኝም።

እንዴት እንደምትቀበይው አልመክርሽም።

ሸሪፍ


ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለጋሼ ሸሪፍ፤

እንደምን ከረሙ? ፊደሉን ያገዘፍኩት ለአንዱ ዓይንዎ እንዳይከብድ ነው። እትዬ ዘሃራ ሻሹን አስራለች፤ ለማንም አታሳይም፤ ሁሉም ግን አይቶታል።

መጥቷል። ከአውሮፕላኑ ሲወርድ አላወቅሁትም። ጀርባው ጎብጧል፤ በዝቅተኛ ወጥ ቤት ስለሠራ ነው አለኝ። እጁ ሁሉ የእሳት ጠባሳ ነው። ክሊኒክ የማየው ዓይነት እጅ ነው። ሻንጣውን ተቀበልኩት፤ እሱ አልሰጥም አለ፤ ሁለታችንም ይዘነው ሄድን። ሙቀት ነበር።

እናቴን አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። ከጎጆው በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ከፊቷ መሬት ላይ ተንበረከከ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። ትረግመዋለች ብዬ ፈራሁ። ምናልባት ሊረገም ፈልጎ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ያን ቀን ልጄ በልቶ ነበር?»

ኦፒው ራሱን ቀና አደረገ። «በልቷል» አላት። «ጠዋት ዓሣ አበሰልኩለት። ሁለት ጊዜ ጨመርኩለት።»

እናቴ እጇን ከፊቱ አነሣች። ከዚያ ትከሻውን ተደግፋ ተነሣች፤ «እንግዲያው ግባ» አለችው።

ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙውን ይተኛል። አንዳንዴ ተነሥቶ ለእናቴ ያበስላል፤ እሷ ትበላለች። እኔና እሱ አልተጣላንም፤ አልታረቅንምም። ትላንት ከክሊኒክ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ነበር። ስለ አጓ አንድ ነገር ልንገርሽ አለኝ፤ አዋሽ ላይ ጀልባ እየቀዘፈ ፈረንሳዮቹን በቋንቋችን እንዴት ይሰድባቸው እንደነበረ፣ እነሱም ዘፈን መስሏቸው እንዴት ያጨበጭቡለት እንደነበረ። ሳቅሁ። እየሳቅሁ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱም አለቀሰ። ስምንት ዓመት ዘግይተን፣ በሩ ላይ ተቀምጠን፣ ወንድሜን አለቀስነው።

አቻን